ከንፈሬ ያልነካው ውሃ

ከስሜና ከፊርማዬ በቀር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው መጥረጊያና መወልወያ ነው። ፊደል ብገድፍ፣ ወይም የኋላውን ከፊት ባመጣ ታገሡኝ። ይህን ነገር ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። አለ እንጂ። ይኸውላችሁ።

የምሠራው እዚሁ ጂንካ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የአዳራሹ መግቢያ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ሁለተኛዋ ከዚያች ሴት እጅ የተቀበለችውን ቅል ከፍ አድርጋ ትጠጣለች። የምትጠጣዋ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ መስታወቱን የምወለውለውም እኔው ነኝ። አዲስ የገቡ ተማሪዎች ፎቶውን ያዩና ወደ እኔ ዞረው፣ «እንዴ! አንቺ ነሽ እንዴ? ጀግና ነሽ ባክሽ!» ይሉኛል። እኔ አቀርቅሬ መወልወሌን እቀጥላለሁ።

ባለፈው ሳምንት የባህል ክበብ ልጆች መጡና ከፎቶው ሥር የሚለጠፍ አምስት መስመር ጻፊልን አሉኝ፤ ያን ቀን የተሰማሽን በራስሽ ቃል። እሺ አልኩ። አምስቱን መስመር ልጽፍ ተቀምጬ ይህ ወጣኝ።

እውነቱ እንግዲህ ይህ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እህቴ ናት። እኔም አልጠጣሁም።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። በእኛ በኩል ሸክላ የሚሠራ ሰው ዘሩ ለብቻ ነው። የሠራነውን ድስት ሰው ሁሉ ይገዛል፣ ወጡን ይሠራበታል፣ ጣት እስኪያስልስ ይበላበታል። እኛ የጠጣንበትን ጣሳ ግን አይጠጣበትም። ቤቱ ብንሄድ ከደጃፉ አያሳልፈንም። ልጁን አይድርልንም፣ ልጃችንንም አያገባም። አሁን ቀርቷል ይባላል። በስብሰባ ላይ አዎ፣ ቀርቷል። ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ያለውን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ሆኜም፣ ከበሩ ወዲህ ሆኜም አይቼዋለሁና።

እህቴ አስቴር ትባላለች። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን የሞተችው እኔ ጡት ሳልተው ስለሆነ እናት ሲባል ትዝ የሚለኝ የአስቴር ጀርባ ነው። እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ ድስቱን በራሷ ተሸክማ ከመንደራችን እስከ ካኮ ገበያ ትሄድ ነበር። ካለቀስኩ «ዝም በይ፣ ድስቱ ይደነግጥና ይሰነጠቃል» ትለኛለች። ዝም እል ነበር። እውነት ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ደብተሬ ስንት ድስት እንደወጣ እሷ ታውቃለች፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የውሃ በርሜል ነበር፤ ከበርሜሉ ጋር በሲባጎ የታሰረ ጣሳ። አንድ ቀን በጣሳው ጠጣሁ። ወዲያው ልጆቹ ጣሳውን በአመድ ሲፈትጉት አየሁ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አልመታኝም፤ ብቻ ጣሳው በአመድ ታጠበ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ያፈስልኛል፣ እኔ በመዳፌ እጠጣለሁ። «መዳፍሽን ዝቅ አድርጊ አንቺ ጭቃ፣ እንዳትነኪኝ!» ይላሉ፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ለምን እንደምስቅ አሁን ሳስበው ያመኛል።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጂንካ ገብቼ እትዬ በላይነሽ ቤት ተቀጠርኩ። እትዬ በላይነሽ አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ «ከጎፋ በኩል ነው የመጣነው፤ ወላጆቼ ሞተዋል» አልኳቸው። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። እሳቸው አዘኑልኝ፣ ክርስትና አስነሡኝ፣ ልጄ አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ከትሪው ዳር ዳር ብቻ ቆረስኩ። እሳቸው የጎረሱበትን ጎርሼ፣ የጠጡበትን ብርጭቆ አንሥቼ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ማንም በአመድ አላጠበውም። ይህ ምን እንደሚያህል እንዴት ላስረዳችሁ? ዛሬም እሳቸው ግቢ ነው የምኖረው። ዛሬም ከዚያች ትሪ እበላለሁ።

አስቴርን ግን በዚያች ትሪ ለወጥኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ድስት ይዛ ትመጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ተደብቄ አገኘኋት። በሁለተኛው ጊዜ «ሰው እንዳያውቅ፣ መንገድ ላይ ብታዪኝም አታናግሪኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። ለምን አላለችም፤ እሺ ብቻ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ሳድግ እትዬ በላይነሽ ሰው አነጋግረው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራ አስገኙልኝ፤ አዳራሹ ደረሰኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጥበብ ሰዎች እየተጋበዙ ስለ ሥራቸው የሚናገሩበት ፕሮግራም ነበር። መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከመጨረሻው ረድፍ እቀመጣለሁ። አንድ ዳንሰኛ መጥቶ ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚደነድነው ትከሻው ነው ሲል ትከሻዬን ያየብኝ መስሎኝ ዝቅ አደረግሁት። የሚሉት ሁሉ አይገባኝም ነበር፤ ግን ዓርብን እወደው ነበር። ሰው ስለ ራሱ ቆሞ ሲናገር ማየት እንደኔ ላለ ሰው ተአምር ነው።

ከዚያ ሳምራዊት መጣች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፤ ተውኔት ታዘጋጃለች፤ ሁለት ወር ልትቆይ ነው። ጮክ ብላ የምትስቅ፣ መሬት ላይ የምትቀመጥ፣ ለዘበኛም ለኮሌጁ ዲንም አንድ ዓይነት ሰላምታ የምትሰጥ ሴት ናት። «ተዋናይ ይዤ አልመጣሁም፣ ተዋናዮቹ እናንተ ናችሁ» አለች። ጉዳዩ ያለበት ሰው ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ኑሮውን ያሳያል፤ የሚያየውም ሰው ካልመሰለው ተነሥቶ መሀል ይገባል፣ ነገሩን ይለውጣል። እንዲህ ያለ ተውኔት ነው። ከተማውን ለሁለት ሳምንት ዞራ «ስለ ጣሳው ነው የምንሠራው» አለች። ሸክላ ሠሪዎችን ራሳቸውን ልታመጣ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አራት ሴቶች ከሚኒባስ ወረዱ። ሦስተኛዋ አስቴር ነበረች።

አየችኝ። ፊቷ ሊፈካ ብሎ መለሰችው። እኔ ባልዲዬን አንሥቼ ዞርኩ፣ እሷም ዞረች። ከዓመታት በፊት እሺ ብላኝ ነበር፤ አሁንም እሺ እንዳለች ናት። ያለ ዕድሜዋ አርጅታ ነበር። ከላይኛው ጥርሷ አንዱ የለም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ጥርሷ አልነበረም፤ ብትጠራኝስ ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አስቴር መድረኩ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን አቦካች፣ የድስቱን ወገብ በእጇ እያዞረች አወጣች። እየሠራች በአማርኛ ተናገረች። «እኔ ድስት እሠራለሁ። ሰው ድስት ይገዛል። ደስ ይላል። እኔ በሱ ቤት ጣሳ ውሃ ጠጣሁ፣ ጣሳ ይጥላል። ድስት ግን አይጥልም። ለምን አይጥልም? ድስትም የኔ እጅ ነው።» ተማሪዎቹ ሳቁ።

ሳምራዊት ቅል ውስጥ ውሃ አስቀርባ ለአስቴር ሰጠቻት። አስቴር ጠጣች። «አሁን ከአስቴር ቀጥሎ ከዚህ ቅል የሚጠጣ ማነው?» አለች ሳምራዊት። ማንም አልተነሣም። ከኋላ አንዱ «አንተ ሂድ፣ ሁልጊዜ ይጠማህ የለ?» ብሎ ጓደኛውን ገፋው፤ ጓደኛው ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። እኔ የጭቃ ውሃ የያዘ ባልዲ ይዤ መድረኩ ጥግ ቆሜአለሁ። ሳምራዊት ዞር አለችና አየችኝ። «ታደሉ፣ አንቺ ነይ እስቲ» አለችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስቴርም ቀና አለች። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ዘረጋች። ዓይኗ ውስጥ ምንም ልመና አልነበረም። እንደ ማንኛውም ሰው ነበር የያዘችልኝ፤ ውሃ ለጠማው ሰው እንደሚያዝ።

ምን ነበረበት ብጠጣ? አንድ ጉንጭ ውሃ ነው። ማንም እህቷ ናት አይል፤ ደፋር ናት ነው የሚለው። እኔ ግን ከጠጣሁ ፊቴ ላይ የሚነበብ መሰለኝ። ያ ጣሳ፣ ያ አመድ፣ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተመልሶ መጣ። አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ሆነ፦

«እኛ ከነሱ አንጠጣም።»

እኛ አልኩ። እኔ። እኛ አልኩ። ከነሱ አልኩ። በጀርባዋ ያዘለችኝን ሴት «እነሱ» አልኳት። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም በአፌ አላስገባልኝም።

ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ተውኔቱ ውስጥ የተዘጋጀ ነገር የመሰላቸው ነበሩ። ያልመሰላቸው ደግሞ ሁሉም በልቡ የያዘውን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደፍራ ተናገረችው ብለው አጨበጨቡ። ሳምራዊት ዕንባ ባቀረረ ዓይን አቀፈችኝ። «እዚህ ቤት ውስጥ እውነት የተናገርሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። እውነት! እኔ ባልዲዬን እንደያዝኩ ነበርኩ። አስቴር ቅሉን አስቀመጠችና የድስቱን አፍ ማለስለስ ቀጠለች።

ያን ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንግጬ ነው ብዬ ራሴን አባብል ነበር። ግን በዚያ አላበቃም። ሳምራዊት በማግሥቱ ጠርታኝ ያቺን ቃል ከተውኔቱ አስገብተናታል፣ የምትያትም አንቺ ነሽ አለችኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ለምን? ልናገረው አፍራለሁ፤ ግን ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው አይቶኝ ነበር። ተማሪዎች በስሜ ጠሩኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ መሀል ላይ ቆምኩ፤ የቆምኩትም እህቴን ረግጬ ነው።

ሳምራዊት አሠለጠነችኝ። ያቺን ቃል ከመናገሬ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንድል፣ አፍንጫዬን ትንሽ እንድነፋ፣ ቅሉን ከላይ ወደ ታች እንድመለከት። ተማርኩ። ጎበዝ ሆንኩ። አስቴር ቅሉን ትዘረጋለች፣ እኔ ወደ ኋላ እላለሁ፣ «እኛ ከነሱ አንጠጣም።» በልምምድ በቀን አራት አምስት ጊዜ። እናንተ እህታችሁን በቀን አምስት ጊዜ ክዳችሁ ታውቃላችሁ? እየተለማመዳችሁ? አሳምራችሁ?

ከዚያ ተውኔቱን ይዘን ወይጦ ወደምትባል ከተማ ሄድን። መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ለሰው አሳየን። የጭነት መኪና ሹፌሮች ቆመው አዩን፣ ከብት የሚነዱ ሰዎች በትራቸውን ተደግፈው አዩን። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ መኪናም ያልፋል፤ ድምፄ ጠፋ። ሲያልቅ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በአጠገባቸው ሳልፍ አስቴር ቀና ሳትል፣ በቋንቋችን፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «ከኋላ ላሉት አይሰማም» አለችኝ። «ጮክ ብለሽ በይው።»

ልትሰድበኝ አልነበረም። አውቃታለሁ። ሥራ ከተባለ በደንብ ይሠራ የምትል ሴት ናት። የተዛባ ድስት አትሸጥም፤ ትሰብረዋለች። የኔም ሥራ እንዳይዛባ ነበር ያሰበችው። በሚቀጥለው ቀን ጮክ ብዬ አልኩት።

ከዚያ ካኮ። በገበያ ቀን ነበር። እዚያ የሚያውቀን ሰው አለ ብዬ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ተውኔቱ እንዳለቀ ከመንደራችን የመጣች አንዲት አሮጊት ሰዉን ገፍታ ቀረበችና አገጬን ይዛ አየችኝ። በቋንቋችን ጮኸች። «አስቴር! ይህቺ ልጅ የእናትሽን አፍንጫ ከየት አመጣችው?»

ሳምራዊት ቋንቋውን ስለማታውቅ አልገባትም፤ የሰማና የገባው ግን ብዙ ነበር። አስቴር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ምን አውቄ፤ ገበያ አይደል? ገዝታው ይሆናል» አለች። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አሮጊቷም ሳቀች፣ «እንግዲያስ ተወዶባታል!» ብላ ሄደች።

ክጂኝ ያልኳት በራሴ አፍ ነበር፤ እሷ ግን በቀልድ ሸፈነችኝ። እኔ በቃሌ ስገፋት እሷ በቃሏ ከለለችኝ። በዚያች ሰዓት ተንበርክኬ «እህቴ ናት» ብል ኖሮ አሮጊቷ እልል ትል ነበር። አላልኩም። ሻሼን አስተካክዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የገባሁት ሳምራዊት አጠገብ ነው፤ አስቴር ከኋላ፣ ከጭቃው ጋር ነበረች።

የመጨረሻው ቀን እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ሳምራዊት መጨረሻውን ለወጠችው። እምቢ ያለችው ልጅ የሸክላ ሠሪዋን ታሪክ ሰምታ፣ ተጸጽታ፣ ቅሉን ተቀብላ ትጠጣለች። ሳምራዊት ይህን ስትነግረን ልቤ ቀለለ። እጠጣለሁ አልኩ። ተውኔት ነው ይባል፣ ብቻ እጠጣለሁ። አስቴር የኔን መጠጣት ታውቀዋለች። በቃል ያላልኳትን በዚያ እላታለሁ አልኩ። ሳምራዊት ደግሞ የኋለኛው ረድፍ እንዲያይ ስጠጣ ጉሮሮዬን እንዴት እንደማንቀሳቅስ አሳየችኝ። «ብዙ አትጠጪ፤ ዋናው ጉሮሮሽ ነው» አለችኝ።

የከተማው ሰው ተጋብዞ ነበር። መጋረጃው ሥር ሆኜ ሳይ እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። «ልጄ ትያትር ልትሠራ ነው» ብለው ጎረቤት አስከትለው ነው የመጡት።

ቃሌን ተናገርኩ። ጮክ ብዬ። አስቴር ታሪኳን ተናገረች። ከዚያ ከቅሉ ጠጣችና ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩ። እጃችን ተነካካ፤ ጭቃው ጣቴ ላይ ቀረ። ቅሉን ከፍ አደረግሁ። ከቅሉ ጠርዝ በላይ እትዬ በላይነሽን አየኋቸው። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል።

ከንፈሬን ጨመቅሁ። የቅሉን ጠርዝ ከአገጬ በላይ አየር ላይ አቆምኩት። እንዳሠለጠነችኝ ጉሮሮዬን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አንቀሳቀስኩ። ባዶ አፌን ዋጥኩ። ጠብታ አልነካኝም። የካሜራው ብልጭታ ያኔ ነው የበራው፤ ያ ነው ፎቶው።

ሰው ቆሞ አጨበጨበ። የሚያለቅስም ነበር። ቅሉን ለአስቴር መለስኩላት። ወደ ውስጥ አየች። ውሃው እሷ ጠጥታ የተወችው ልክ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያወቀች እሷ ብቻ ናት። ቀና ብላ ሰዉን አየችና እጅ ነሣች፤ እንደ ሳምራዊት ልምምድ።

ቀጥሎ እንደ ሁልጊዜው ወንበር ተደርድሮ ውይይት ሆነ። ሳምራዊት ጥበብ አንድን ሰው ከለወጠ ይበቃል ብላ እኔን አሳየች። ድምፅ ማጉያ ሰጡኝ። እኔ ዓይነ አፋሯ፣ ሰው ፊት ስሜን መናገር የምፈራው «ሁላችንም አንድ ነን» አልኩ። አስቴርንም አንድ ተማሪ «ስትጠጣልሽ ምን ተሰማሽ?» ብሎ ጠየቃት። ድምፅ ማጉያውን እንዴት እንደሚያዝ ስላላወቀች እኔ ያዝኩላት። «ደስ አለኝ» አለች። ጭብጨባ ሆነ።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልማዱ ነው እንዳልል፣ የልማዱን አመድ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ከማንም ይልቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እትዬ በላይነሽ ያባርሩኝ ነበር እንዳልል፣ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ምናልባት ያባርሩኝ ነበር፣ ምናልባት አያባርሩኝም ነበር። ያንን ሳላውቅ ነው እህቴን የሸጥኩት። ይህን ወረቀት ነገ ለክበቡ ልጆች እሰጣለሁ። እትዬ በላይነሽም ይሰማሉ። ከዚያች ትሪ መብላቴ ያበቃ ይሆናል። ያብቃ። በሌላ ሰው ስም የበላሁት እንጀራ ነው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አስቴር ደግሞ ማንበብ አትችልም። በድስቷ እኔን አስተማረች እንጂ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። አሁን ገበያ የምትወጣው ካኮ ብቻ ነው አሉ፤ ጂንካ መምጣት ትታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ዓመት ሆነ፤ ሄጄ አላየኋትም። ብሄድ ምን እላታለሁ? ምንስ ብላት ይህን ይክሳል? ይቅር በይኝ ማለት ራሱ ሌላ ነገር ስጪኝ ማለት ይመስለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጪኝ ስላት ነው የኖርኩት። ቢሆንም እሄዳለሁ። ሰው በሞላበት፣ በገበያው መሀል፣ በቀን።

የቀረውን ልናገርና ልጨርስ። ውይይቱ አልቆ ሰው ሲበተን እትዬ በላይነሽ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። አልተቆጡም። በፍቅር ነበር ያሉኝ። «ልጄ፣ ትያትር ነው፣ ይሁን፤ ደግ ሠራሽ። በይ አሁን ቧንቧው ጋ ሄደሽ አፍሽን ደህና አድርገሽ ተጉመጥመጪ፤ ማዕድ አብረን ነው የምንቀርበው።»

«አልጠጣሁም» ማለት እችል ነበር። «እህቴ ናት» ማለትም እችል ነበር። «እሺ» አልኩና ሄድኩ። ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብዬ ምንም ያልነካውን አፌን ተጉመጠመጥኩ። አንድ ጊዜ፣ ደግሜ፣ ሠልሼ። ከንፈሬን በመዳፌ ፈተግሁት። ቀና ስል አስቴር የጭቃ እጇን ይዛ ከኋላዬ ተራዋን ትጠብቃለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ቧንቧውን ሳልዘጋ ለቀቅሁላት። አልታጠበችም። ፊቴ ላይ የሚወርደውን ውሃ አየች፣ ከዚያ ዓይኔን አየች። በቋንቋችን፣ ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«የቅሉ ውሃ ንጹሕ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ከምንጩ የቀዳሁት።»